ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳን

ታኅሣሥ 3
ድንኳን ስመርጥ ዋልኩ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የሁለት ሰው ሦስት ኪሎ፣ የአንድ ሰው ኪሎ ተኩል። ስድስት ቀን ሙሉ በብስክሌት፣ ያውም በሊሙ ዳገት... ቀላሉ ነው የሚያዋጣኝ። ግን "የሁለቱን ላክልኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ምን ነካኝ? ቶሎ አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 5
ዕቃ ጻፍኩ። ምድጃ አንድ። ፓምፕ። ስሊፒንግ ባግ ወይስ ብርድ ልብስ? ኩባያ ሁለት... ሰረዝኩት። ማንኪያ ሁለት። ኧረ ተወኝ ፋሂም!
ይህን መንገድ ከፋሂም ጋር አብረን ነበር የምንሄደው። አምና "ለሙከራ ሰኮሩ ደርሰን እንመለስ" ብለን ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ። እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ 9
ጊንጆ ሰፈር፣ ብስክሌት ጠጋኙ አባቦራ ጋ።
"ጭነቱን በምን ታስረዋለህ? ከአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ልቁረጥልህ?"
"አይሆንም! የሚቆለፍ ቀበቶ ነው የምፈልገው!" ጮህኩበት።
"ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?"
ምን ልበለው? የዚያን ቀን የፋሂምን ጭነት በከመነዳሪ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ተንጠልጥሎ ነበር። አይቻለሁ። "ቆይ ልቁረጠው" ስለው "እንሂድ ባክህ፣ ይመሽብናል" አለ። እሺ አልኩ፣ እኔ ሞኙ! ከኋላው ሆኜ የተንጠለጠለው ጎማ እግሩ ላይ ሲጠመጠም አየሁ... የብስክሌቱ ተሽከርካሪ እግር ላይ። ሰው ሳይሰበሰብ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። "የጭነት መኪና ገፍቶት ነው" ሲባል ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 12
ዛሬም ስነዳ የፋሂም ብስክሌት ሰንሰለት ከኋላዬ ይንኳኳል። ስዞር ማንም የለም።
ቀብሩ ላይ "ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካለ አፉ በሉት" ሲባል፣ ከሰዉ ጋር "አፉ ብለናል" ብያለሁ። ምን በድሎኝ? በዳዩ እኔ!

ታኅሣሥ 16
የፋሂም እናት ቤት ሄድኩ። ለአዴ ሐጂራ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎማውን፣ ኪሴን፣ ዝምታዬን። "አፉ ይበሉኝ።"
"ወላሂ አልዋሽህም ዮኤል። አፉ ለማለት ገና ነኝ።"
መብታቸው ነው። ልወጣ ስል፦
"መቼ ነው የምትሄደው?"
"ቅዳሜ ጠዋት።"
"ፋሂም ስደርስ እደውላለሁ ብሎኝ ነበር... አንተ ስትደርስ ደውልልኝ።"

ታኅሣሥ 18
ሊሙ ገነት፣ የመጀመሪያው ማደሪያዬ። ጉልበቴ አለቀ። የአንድ ቡና ማስጫ ዘበኛ ፈቅዶልኝ ድንኳኔን ከማስጫው ጀርባ ተከልኩ። ሰንሰለቱ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ነበር። አንዴም አልዞርኩም። ይከተለኝ።
ደወልኩ።
"አዴ፣ ደርሻለሁ።"
"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።