እኔና ባለ መርገጫው ጣውንቴ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጠዋት ተነሳሁ። በእኔ ዕድሜ ይኼ ራሱ ዜና ነው። ተመስገን። ሻይ አፈላሁ፣ ቤት ጠረግሁ፣ ጢሜን ስላጭ አገጬን ቆረጥኩ። ለአለቃ ዳቦና ሻይ ወሰድኩላት። አለቃ የምላት ባለቤቴን ነው። በአርባ ስምንት ዓመት ትዳራችን ማንም አልሾማትም፤ ራሷ ናት የተሾመችው። ዳቦውን ግማሽ በላች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና።"

የዛሬ ወሬያችን ይኸው ነው።

ስትሮኩ ከመታት አራት ወር ሆነ። እጇ ተመልሶላታል። አፏም ደህና ነው... ደስ ሲለው። ቀኝ እግሯ ግን አልታዘዝ ብሏል። በከዘራ እስከ መታጠቢያ ቤት ትሄዳለች። ከዚያ አልፋ የማትሄደው በእግሯ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም።

ከሰዓት አናጺው የመኝታ ቤቱን በር ሊያስተካክል መጣ። አለቃ አልጋዋ ላይ እንዳለች፣ "ሳሎን ያለውን የስፌት መኪና ውሰደው። እግሩ ብረት ነው፤ ጠረጴዛ ይወጣዋል" አለችው። አናጺው እኔን አየ። እኔ ጣራውን አየሁ።

"የእውነትዎን ነው እማማ?"

"ምን ይሠራልኛል? በምኔ ልረግጠው?"

ለቅዳሜ ሳምንት ጋሪ ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

ያንን መኪና ዕድሜዬን ሙሉ ጣውንቴ እያልኩት ነው የኖርኩት። ወንድ ጣውንት አለው ወይ? እኔ አለኝ። ከእኔ ፊት ይልቅ እሱ ፊት ተቀምጣ ነው ያረጀችው። ይኸው ልገላገለው ነው... ታዲያ ምነው ደስ አላለኝ?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

አለቃ ሸለብ ሲያደርጋት መኪናው ላይ የተከመረውን መድኃኒትና ጋዜጣ አነሳሁ። መሳቢያውን ሳብኩ። አለቃ የጀመረችውን ብርድ ልብስ ያኖረችበት ፌስታል እዚያው አለ።

እኛ ቤት ልጅ ሊወለድ ሲል አለቃ ከእያንዳንዳችን አሮጌ ልብስ ብጣሽ ትሰበስባለች። የአያት ቀሚስ፣ የአጎት ሸሚዝ፣ የአክስት ጉርድ... ገጣጥማ ብርድ ልብስ ታደርገዋለች። ሕፃኑ አንዳችንንም ሳያውቅ ሁላችንንም ለብሶ ይተኛል። አሥራ አንድ ልጅ እንዲህ ተሸፍኖ አድጓል። አሥራ ሁለተኛው ብርድ ልብስ የልጅ ልጃችን ለምትወልደው ነው። ወሩ ሳይወጣ ትወልዳለች። ብርድ ልብሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሕመሙ መጣ። "ይኼኛው ይቅርበት" አለች አንድ ቀን፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

እንዴት ነው የሚቀርበት?

ጨርቁን አውጥቼ መርፌው ሥር አስገባሁና ቁጭ አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ፖስታ ያደለ እግር ይዤ መርገጫ ያቅተኛል? ረገጥኩ። ሄደ! ጨርቁም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። ጫፍ ላይ ስደርስ ላቆም ብዬ ወደኋላ ረገጥኩ። የፖስታ ቤቱ ብስክሌት ፍሬኑ እንደዚያ ነበር፤ ወደኋላ ስትረግጠው ቀጥ ይላል። ይኼኛው ግን... ጣ! የላዩ ክር ተበጠሰ፣ የሥሩ ተተበተበ።

"ወደኋላ አዞርከው!"

ከመኝታ ቤት ነው።

"ማን? እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? ስታቆም መዘውሩን በእጅህ ያዘው እንጂ! ብስክሌት መሰለህ?"

ቁጭ ብዬ ቃላቱን ቆጠርኳቸው። ለእኔ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ከተናገረች አራት ወሯ ነው።

ክር መበጠስ እንዲህ ይጠቅማል ለካ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የተበጠሰ ክር፦ ዘጠኝ። የተወጋ ጣት፦ አንድ። ከመኝታ ቤት የመጣ ስድብ፦ አራት። ጥሩ ቀን ነበር።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ትልቋ ልጄ ደወለች።

"አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"እየሰፋሁ።"

"ምን አልከኝ?"

"እየሰፋሁ ነው አልኩሽ። የሚያጥር ሱሪ ካለሽ አምጪ። ወረፋ ግን አለ።"

ሳቋ ጆሮዬን ሊቀደው ደረሰ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "እማዬስ?"

"ትሳደባለች።"

"እውነት? ተመስገን!"

እናቱ አባቱን ሰደበችው ሲባል ተመስገን የሚል ልጅ ማን ወለደ? እኔ ነኝ የወለድኩት።

አምስት ብጣሽ ገጠምኩ። አንዱ በግልባጩ ነው የተሰፋው፤ ያየሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። የእኔው የፖስታ ቤት ኮት ብጣሽ ነው። ባለቤቱ ራሱ መቼ ቀና ብሎ ያውቃል? ተውኩት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ዛሬ ኃጢአት ሠራሁ። ለዚህ ደብተር ብቻ ነው የምናገረው። መዘውሩን በእጅ ማቆም ከለመድኩ ሁለት ቀኔ ነው። ክሩ አይበጠስም። ቤቱም ዝም አለ። ዝምታው ሲከብደኝ... ወደኋላ ረገጥኩት። ጣ!

"ዛሬም?"

"ዛሬም። ምን ላድርግ፣ እግሬ ፖስተኛ ነው።"

ደግሞ መኪናው ሲጢጥ ማለት ጀምሯል። ዘይት እንደጠማው እኔም አውቃለሁ። ዝም ብዬ ረገጥኩ። ሲጢጥ... ሲጢጥ... አሥር ደቂቃ አልቻለችም።

"ዘይት አድርግለት! ጆሮዬን ጨረስከው!"

"የቱ ጋ?"

"ከላይ ሁለት ቀዳዳ አለ።"

"አይታየኝም።"

"መነጽርህን አድርግ!"

"የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።"

አልጋው ተንቋቋ። የከዘራው ድምፅ... ኮ... ኮ... ኮ። አልዞርኩም። ትንፋሼን ይዤ ቀዳዳ የምፈልግ መሰልኩ። በሩ ጋ ቆመች።

"አናትህ ላይ ነው ያለው፣ አንተ ሽማግሌ።"

እውነትም መነጽሩ አናቴ ላይ ነበር። ይኼኛውን ግን ሆን ብዬ አላደረግሁትም። እግዜር ሲያግዝ እንዲህ ነው።

ከታመመች ወዲህ ወደ ሳሎን ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ደቂቃ ቆማ ተመለሰች። ሁለት ደቂቃ!

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ዛሬ መኪናው አጠገብ ያለው ወንበር ድረስ መጣች። መነጽሬን ከአናቴ ላይ ነጥቃ አደረገችና ሥራዬን ተቀብላ ታገላብጠው ጀመር። የተገለበጠውን ብጣሽ አይታ አለፈች። ቀጥላ ወይን ጠጁ ጋ ስትደርስ ቆመች።

ወይን ጠጁ የእናቷ ቀሚስ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔና አማቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በሰላም ሻይ ጠጥተን አናውቅም። አጠገባቸው የሰፋሁት ቡናማ ብጣሽ ደግሞ...

"ይኼ የማን ነው?"

"የእኔ ሱሪ።"

"የእናቴን ቀሚስ ካንተ ሱሪ ጋር?"

"ይታረቁ ብዬ ነው። በሕይወት እያሉማ አቃተን።"

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳቀች! ትከሻዋ እስኪናጥ፣ ከዘራው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። "እማዬ ብታይህ... እማዬ ብታይህ..." እያለች ትስቃለች። እኔ ከዘራውን ላነሳ ጎንበስ አልኩና እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። ዓይኔን እንዳታይ።

"ልተርትረው?" አልኳት።

"ንካውና ታያለህ!"

የካቲት 13፣ ሐሙስ

"ልቀመጥ" አለች።

ወንበሬን ለቀቅኩላት። ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ እጥፋቱን ያዘች፣ መርፌው ሥር አስገባች። እጇ ሁሉንም ያስታውሳል። ከዚያ ወደ ታች አየች። መርገጫው ቆሟል። ቀኝ እግሯም ቆሟል። አየነው፣ እኔም እሷም።

ምን ይባላል በዚህ ጊዜ? በርጩማ ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩና እግሬን መርገጫው ላይ አደረግሁ።

"ወዴት ላድርስሽ እመቤቴ?" አልኳት።

"እስከዚያ ጫፍ" አለች፣ የጨርቁን ጫፍ እያሳየችኝ።

ሄድን።

"ቀስ! ፈረስ እየጋለብክ ነው እንዴ?"

"አንቺ ያዢ፣ እኔ ልርገጥ።"

"ቁም!"

መዘውሩን እሷ ያዘች፤ እኔ እግሬን አነሳሁ። ክሩ አልተበጠሰም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አናጺው ጋሪውን ይዞ መጣ። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው። ከነጋ ጀምሮ በሩን እያየሁ ስረግጥ ሦስት ጊዜ ተሰደብኩ። አናጺው ገብቶ ሁለት ሽማግሌ አንድ መኪና ላይ ተጣብቀው ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

"እማማ... ልውሰደው ወይስ?"

አለቃ ከጨርቁ ቀና አላለችም። እኔ መርገጫውን አቆምኩ። በልቤ፣ በይው፣ አይወሰድም በይው...

"ዛሬ አይመችም። ሥራ ላይ ነን።"

"ታዲያ መቼ ልምጣ?"

"ይኼን ስንጨርስ።"

አይ! ይኼን ስንጨርስ? ብርድ ልብሱ ካላለቀ ሕፃኑ ሳይለብሰን ሊወለድ ነው። ካለቀ ደግሞ መኪናው ሊሄድ ነው... እሱ ሲሄድ እሷ ወደ ግድግዳው ልትዞር ነው። ምን ዓይነት ወጥመድ ነው?

ሻይ ላፈላ ኩሽና ገባሁ። ስመለስ አናጺው ጎንበስ ብሎ እሷ በጆሮው ታንሾካሹካለች። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

"ምን ተባባላችሁ?"

"ስለ በሩ ነው" አለች።

በሩ ምን ሆነ? ደህና ይዘጋል እኮ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከትናንት ወዲያ ቀኝ እግሯን አንስታ መርገጫው ላይ፣ ከእኔ እግር ጎን አስቀመጠችው። "ዝም ብሎ ይሳፈር" አለች። እኔ ስረግጥ የእሷም ይወጣል፣ ይወርዳል። ዛሬ እግሯን የምታሠራት ነርስ መጥታ አየች።

"እማማ፣ ይኼን ማን አዘዘልዎት?"

"ፖስተኛው።"

ነርሷ ጉልበቷን ያዝ አድርጋ ቆየችና፣ "ካልደከመዎት ይቀጥሉ" አለች። ሐኪም ሆንኩ ማለት ነው? ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሐኪም ጽሑፌም የማይነበብ ይሁን።

ሥራው ግን እየሮጠ ነው። የቀረን ዳር ዳሩ ብቻ። ቀስ ብዬ ልረግጥ ሞከርኩ።

"ምነው ዛሬ እግርህ ከበደ?"

"አርጅቼ ነው።"

"ትናንት አላረጀህም ነበር።"

የካቲት 24፣ ሰኞ

ጥጡን ሞላን፣ ገበሩን ገጠምን፣ ዳሩን ዞርን። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ ቆረጠችው። "አለቀ" አለች። አልጋው ላይ ዘረጋነው። ሁሉም ሰው አለበት። አማቴና እኔ መሐል ላይ ጎን ለጎን... እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ ተገልብጬ።

"አማረ" አልኳት። ስለ አናጺውም አልጠየቅኩ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ተወለደች! ሴት ናት። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

ብርድ ልብሱን ይዘን አለቃን በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት። ከበሩ እስከ አልጋው በከዘራዋ ራሷ ሄደች፤ ክንዴን እንኳ አልያዘችም። የልጅ ልጃችን ሕፃኗን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ታቅፋ፣ "አያቴ፣ ይኼ የተገለበጠው ማነው?" አለችኝ።

"አያትሽ ነው። ጥሩው ገጽ ለሕፃኗ ይሁን ብዬ ወደ ውስጥ አዞርኩት።"

"ውሸታም" አለች አለቃ። እውነቷን ነው። ግን ያምራል አይደል?

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

የጋሪ ድምፅ ሰማሁ። አናጺው ነው። መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው... ተደበቅሁ! እነሱ ሳሎን ብረት ሲያነሱ ማየት አልፈለግሁም።

"አንተ ሰውዬ፣ ውጣ!"

"ሆዴን ነው።"

"ሆድህን አውቀዋለሁ፤ ውጣ!"

ወጣሁ። መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፊቱ አዲስ አግዳሚ ወንበር ቆሟል። ረጅም፣ መደገፊያ ያለው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። የእሷ በኩል ከዘራ ማቆሚያ ቀዳዳ አለው። አናጺው ጋሪው ላይ ጭኖ ያመጣው ይኼንን ነው።

"ያን ቀን ነው እንዴ ያዘዝሽው? በጆሮው?"

"ታዲያ በርጩማ ላይ ወገብህ ተሰብሮ ልትሞትብኝ?"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናው ሊሄድ ነው ብዬ ስቃጠል እያየሽ?"

"እያየሁ። ክሩን ሆን ብለህ ስትበጥስ እኔ አልሰማሁም?" አለች። "ሳያውቅ የበጠሰ ሰው ይሳደባል። አንተ ግን ጣ ባለ ቁጥር ጆሮህን ነበር የምታቆመው።"

አናጺው ሳቁን ሊደብቅ የወንበሩን እግር ይጠርጋል። አርባ ስምንት ዓመት ስቀልድባት ኖሬ... ተበላሁ። እንዲህ መበላት ደስ ሲል!

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ቡናማ ሱሪዬ ጠፋ። ቁም ሳጥን ውስጥ የለም፣ ገመድ ላይ የለም።

"ሱሪዬን አየሽው?"

"አሮጌውን?"

"ደህናውን!"

"ሁለቱም አሮጌ ናቸው።"

ለሚቀጥለው ብርድ ልብስ ቆርጣዋለች። ማን እንዳረገዘ ጠየቅኳት። "ማንም" አለች። "ታዲያ ለማን ነው?" "ጠዋት ጠዋት በረደኝ እያለ ለሚነጫነጭ አንድ ሽማግሌ።" እኛ ቤት ለትልቅ ሰው ተሰፍቶ አያውቅም። አሥራ ሦስተኛው ሕፃን እኔ ሆንኩ።

ሻይ ላፈላ ኩሽና ገባሁ። ውኃው ሲፈላ ድምፅ ሰማሁ። ተክ... ተክ... ተክ ተክ... ተክ። እዚህ ቆሜ እዚያ ማን ረገጠ? በበሩ ስንጥቅ አየሁ። በግራ እግሯ ትረግጣለች፤ ቀኙ ከላዩ ተሳፍሯል። ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ያነክሳል። ወደፊት ነው ግን የሚሄደው።

ሁለቱን ብርጭቆ እንደያዝኩ በሩ ጋ ቆምኩ። ልግባ? ከገባሁ ትተወዋለች፣ ና ርገጥ ትለኛለች።

አልገባሁም። የቀዘቀዘ ሻይ ነው የጠጣነው። "ምነው ቀዘቀዘ?" ብላ ተቆጣችኝ። መነጽሬ ጠፍቶኝ ነው አልኳት።