ለጾም ያመጣሁልዎ ቅቤ

ውድ አባቴ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ፣

ከደብረ ማርቆስ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይህን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። ፈሪ ልጅ ነው የወለዱት።

ትናንት ወንድሜ አምሳሉ ደወለልኝ። ሐኪሙ ልብዎን እንዳያደክሙ እየለመነዎ፣ እርስዎ በቀን መቶ ስግደት እንደሚሰግዱ ነገረኝ። “ያ ቅቤ የላም ነበር፤ የታመምሁት ጾም ገድፌ ነው” ይላሉ አለኝ። አባቴ፣ ጾም አልገደፉም። የላም ቅቤ አልነበረም። ለሕመምዎ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ባልልም፣ የእኔ እጅ ግን አለበት።

እንደሚያውቁት የምሠራው ኬክ ቤት ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ በሁዳዴ ምግብ እምቢ ብለው ሰውነትዎ ሲያልቅ፣ የጾም ኬክ የምንሠራበትን ማርጋሪን፣ ያን ከዘይት የሚረጋ የጾም ቅቤ፣ በባልዲ አመጣሁልዎ። ሽሮው ላይ ጣል ሳደርግበት ሸሽተው “አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ልታስገድፊኝ ነው?” አሉኝ። ባልዲውን አዙሬ “ከአትክልት ብቻ” የሚለውን አነበብሁልዎ። ቀመሱ። ከዚያ “እግዜር ይስጥሽ፤ ያስቆጠርሁሽ ፊደል በጀ” ብለው ሳቁ። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረቁኝ ያን ዕለት ነው።

ወተት አለበት ወይ ብዬ ባለሱቁን ጠይቄ ነበር። ለጾም ይሆናል ወይ እንጂ ለሰው ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ በቤታችን አልነበረም። እርስዎ ደግሞ ጾም ያበዛሉ። ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ጽጌ፣ ነቢያት እያልሁ አራት ዓመት በየጾሙ ባልዲ ላክሁ።

አሁን የከበደኝን ልጻፍ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ለኬክ ቤቶች ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ደብሪቱ የእኛኑ ዓይነት ባልዲ አንሥታ፣ “ፈሳሹ ዘይት እንዲረጋ ሃይድሮጅን ይጨምሩበታል። ያኔ ትራንስ ፋት የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ የልብን የደም ሥር ያጠባል። ቤታችሁ አዘውትሮ የሚበላው ካለ ዛሬውኑ አስተዉት” አለችን። እርስዎን አሰብሁ። በሳምንቱ የነቢያት ጾም ሲገባ ግን ባልዲውን ላክሁ። “ለአንድ ጾም ምን ይሆናል” አልሁ። እውነቱን ለመናገር ምርቃትዎ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው።

በዚያው ጾም ደረትዎን ይዞዎ እዚህ ሐኪም ቤት ሲመጡ፣ ሐኪሙ “በምን ዘይት ነው የምትሠሩላቸው?” አለኝ። “በኑግ” አልሁት። እርስዎ አልጋው ላይ ሆነው ሰሙ። ቀና ብለው አዩኝ። ልጄ የዋሸችው የላም ቅቤ ስለሆነ ነው ብለው ያሰቡት ያኔ ይመስለኛል። ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ዋጡት። ከመቶው ስግደትም ግማሹ ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። ስለ ስግደቱ ስነግረው ደነገጠ፤ “ዛሬውኑ ያቁሙ” አለ። ከባልዲው የተረፈ ካለ አምሳሉ ይድፋው። ቅዳሜ ደብረ ወርቅ እመጣለሁ። የንስሐ አባትዎ ቀኖናውን ለእኔ ይስጡ፤ ጉልበቴም ልቤም ደህና ነው።

ስመጣ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ። ብቻ ተቀምጠው ይቆጡኝ።

የበደልሁዎ ልጅዎ
የብርጓል