የአባባን ሳንቲሞች አልልክም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ትደገፋለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ አንዴ ሄዷል፣ አፏ ግን የዓይኗንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። ለምን ደስ እንዳለኝ ስትሰማ አንተን ደስ እንደማይልህ አውቃለሁና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሳንቲሞቹን አልላክሁም። አልልክምም። ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው፤ ወሬ እንደማበዛ ታውቃለህና ቻለኝ።

«የአባባን ሳንቲሞች ጠቅልለሽ ላኪልኝ፤ እዚህ በማጉያ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ፣ ከዚያም በፕላስቲክ አሽገው ቁጥር የሚለጥፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ደረጃ የወጣለት ሳንቲም ዋጋው ሌላ ነው» ብለህ የጻፍክልኝ ጊዜ፣ አልዋሽህም፣ ልቤ ዘሎ ነበር። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጡ፣ ተሳፋሪ አሳስቶ የሰጣቸውን የሌላ አገር ሳንቲም ከኪሳቸው እየተኩ ያጠራቀሙት ነገር ለካ ሀብት ኖሯል አልኩ። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ አወረድኩት። ልጅን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡት ሲወስዱት ገላውን አጥበው፣ ፀጉሩን አበጥረው አይደል? እኔም እሑድን ሙሉ ቁጭ ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግኋቸው። ቢያዩዋቸው ትናንት የተሠሩ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ እንግዲህ ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ሰዓት ሠሪ የድሮ ሳንቲም ያውቃል ሲባል እሱ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንዱን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ከዚያ ማጉያውን አወለቀና እኔን ያየኝ ጀመር። «እህቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?» አለኝ። «እኔ ነኛ!» አልኩት በኩራት። «እጅሽ አይባረክ!» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። «ያጠብሽው ቆሻሻውን መስሎሻል፤ ዕድሜውን ነው ያጠብሽው» ብሎ አስረዳኝ። ደረጃ ሰጪዎቹ ጭረቱን ሲያዩ ማሸጊያው ላይ «ታጥቧል» ብለው ይጽፉበታል አሉ፤ ያንን ያነበበ ገዢ ደግሞ ዞሮ አያየውም። ለማስመርመሪያ የሚከፈለው ከሳንቲሙ ይበልጣል። አፈርኩ፤ ግን ሳቄም መጣ።

ከመታጠብ ያመለጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ መርከብ ያለባት፣ ትልቋ። ሌሎቹን ባጠብኩበት እሑድ እማዬ ጨብጣት «ይህችን አልሰጥም» ብላኝ ነበር። ሰዓት ሠሪው ከነገረኝ በኋላ ግን ለምኜ አንድ ጊዜ ወስጄ አሳየሁት። እሱም ጫፍና ጫፏን ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋት። «ሌሎቹን ተያቸው፤ ይህችን ላኪ። ደህና ደረጃ ካገኘች ባለ ሞተር የልብስ ስፌት መኪና ትገዛልሻለች» አለኝ። ባለ ሞተር! እኔ ይኸው በእግሬ ስረግጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ። የልጆቼ አባትማ መኪናውን የምናስቀምጥበትን ጥግ ሁሉ ለካ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ማክሰኞ ዕለት እማዬ ጋደም ባለችበት፣ ሳልነግራት መርከቧን ከቆርቆሮው አውጥቼ ፖስታ ቤት ወሰድኳት። ቅጽ ሞላሁ። የዕቃው ዓይነት፦ ሳንቲም፣ አንድ። ጸሐፊዋ አነበበችና «ለአንዲት ሳንቲም ይህ ሁሉ ቴምብር? ጤነኛ ነሽ እናቴ?» አለችኝ። ደግሞ «ዋጋው ባዶ ሆኖ አይሄድም፤ ሙይው» አለችኝ። ዋጋዋ የሚታወቀው ደረጃዋ ሲወጣ ነው ብላት «እንግዲያ ደረጃዋ ወጥቶ ስትመለስ አምጫት» ብላ ሳቀችብኝና፣ የምሳ ሰዓት ደርሶ መስኮቱን ዘጋችው። ስምንት ሰዓት ልመለስ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ወንድም ጋሼ፣ እማዬን ወለሉ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ሳንቲሞቹ አልጋው ላይ ተዘርግፈዋል፤ እሷ አልጋው ሥር ገብታ በመዳፏ ወለሉን ትዳብሳለች። ከሰዓት ከሰዓት ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ይኸኛው እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው ማለት ልማዷ እንደሆነ ጽፌልህ አላውቅም መሰለኝ። እኔን ስትሰማ «መርከቧን ጣልኳት፤ እኔ ዕውሯ፣ አባትሽ የሰጡኝን ጣልኳት» አለችኝ። እኔ ሰርቄ ራሷን ስትወቅስ! ቦርሳዬን ከፍቼ ለመላክ ያሸግኩባትን ካርቶን በጥርሴ ቀድጄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጥፍሯን በዙሪያዋ ሰደደች፤ የተቀጠቀጠ ቦታ አላት፣ እሱን አገኘችና «የት ዞረሽ መጣሽ አንቺ?» አለቻት።

ያን ጊዜ ነው ይህን ዕድሜ ይዤ ሰምቼው የማላውቀውን የነገረችኝ። ልጃገረድ ሆና አውቶቡስ ተሳፍራ አባባ በስህተት መርከቧን መልስ ብለው ሰጥተዋት ኖሯል። በማግስቱ ያንኑ አውቶቡስ ጠብቃ «ይህ ገንዘብ የት አገር ነው ዳቦ የሚገዛው?» ብላ ሰው ፊት አዋረደቻቸው። እሳቸውም ትክክለኛውን መልስ ሰጧትና «ያችንም ያዣት፤ ነገም መጥተሽ ተጣዪኝ» አሏት። ሄደች፣ ተጣላች፤ እኔና አንተ እንግዲህ የዚያ ጠብ ውጤት ነን።

እውነቱን ነገርኳት። ልጅሽ ደረጃ ሊያስወጣላት ነው፣ በፕላስቲክ ታሽጋ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካትም አልኳት። መርከቧን ጨብጣ «ታዲያ እኔ በምን ልያት?» አለችኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ፖስታ ቤት አልተመለስኩም። ስምንት ሰዓት ላይ የሰው ቀሚስ ክር ስጠመጥም ነበር፣ እያንጎራጎርኩ።

ባለሙያዎቹን አልናቅሁም። ሊሸጥ ለወጣ፣ እውነተኛና ሐሰተኛውን ለመለየት ለፈለገ ሰው ሥራቸው ሥራ ነው። እኛ ግን የምንሸጠው የለም። «ቢያንስ አባታችን ምን እንደነበራቸው እንወቅ» ብለህ ጽፈሃል፤ ምን እንደነበራቸው ይኸው ጻፍኩልህ፤ አመዱንም ሎሚውንም ጨምሬ። ደረጃ ደግሞ ለኔም አንድ ጊዜ ተሰጥቶኛል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን አንተም ታስታውሳለህ፣ ደግመን አናንሳው። ከዚያ ወዲህ ቀሚስ ላሰፋ ብሎ መጥቶ ውጤቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ለሞተሩ እንደሆነ እግሬ ገና አልደከመም፤ የልጆቼ አባትም የለካው ጥግ ላይ ጫማውን ያስቀምጥበት ብዬዋለሁ።

ታላቄ ነህ፤ እስከዛሬ ከቃልህ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ወጣሁ፤ አየሩ ጥሩ ነው። ቸግሮህ ከሆነ ግን ደብቀህ በሳንቲም አታመካኝ፤ ቸገረኝ በለኝ፣ የማደርገውን አደርጋለሁ። መቆጣት ካማረህ ደግሞ ደውል፤ ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት። እሷ «እኔ ከሞትኩ በኋላ እንኳን ሳንቲሟን፣ ከፈለገ እኔንም ያሽገኝ» ብላለች።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ መቀስ ጨርቅን እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው። ትልቁ ልጅህ ለአያቱ ይደውል፤ ድምፁ ጎርንኗል ሲሏት አላምንም ብላለች። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። የልጆቼ አባት ኩርፊያው ሲለቀው ሰላም ይልሃል፤ ልጆቼም አጎቴ ይሉሃል።

የመጨረሻው ሰላምታ የእማዬ ነው። ከዚህ በታች የምታያት በእርሳስ የተፈገፈገች ክብ መርከቧ ናት። ወረቀቱን ከላይዋ አድርጌ እርሳሱን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ የፈገፈገችው ግን ራሷ ናት፣ ሰዓት ሠሪው ቢያይ በጮኸ። «እኔ በእጄ አያታለሁ፤ እሱ በዓይኑ ይያት» ብላሃለች።

ታናሽህ፣ ለፍላፊዋ

ከእናታችን ቤት
ኅዳር 9 ቀን፣ ሐሙስ