ከግድግዳው ወዲያ ያለ ጊታር

ከአባትህ ጊታርን፣ ከእኔ አፍንጫን ለወረስከው የልጅ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለው ወይስ እንደኔ ዱላ ያዝክ? ሚስትህስ ያንን ሁሉ ጩኸት ችላ አብራህ አለች? እኔ ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ ምላሴ ደህና ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። አያትህ ግን አባትህን ከቀበርን ወዲህ ከአልጋዋ የምትነሳው ስንለምናት ብቻ ነው።

የአባትህን የጊታር ድምፅ ላምጣላት ብለህ፣ ራስህ ተጫውተህ በሦስት ዓይነት የድምፅ ማጉያ ቀድተህ የላክሃቸውን ሦስቱንም ቅጂዎች አሰማናት። በርካሹ አምፕሊፋየር የቀዳኸውን «ቆርቆሮ ላይ በረዶ ወረደ» አለች። መካከለኛውን «ይሄ ደግሞ ጉንፋን ይዞታል»። ያ ደመወዝህን የበላው ውዱ ሲመጣ ፊቷን አዞረች፤ «ያምራል፤ የልጄ ግን አይደለም» አለች።

እኔም አሰብኩበት። አባትህ ያንን ጨብራራ የድሮ የሮክ ጊታር ተጫዋች ልምሰል ብሎ ጊታሩን ከአሮጌ ሬዲዮዬ ጋር ሲያጋባ፣ እንዲያጉረመርምለትም የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ሲሰነጥቅ (እኔ ሞኙ አይጥ በላው ብዬ ወጥመድ አጥምጃለሁ!) አያትህ አንድም ቀን አጠገቡ ሆና አልሰማችውም። እሱ ዕቃ ቤት በሩን ዘግቶ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲህ ወጥ ቤት ናት። ሲበዛባት በማማሰያ ግድግዳውን ትመታለች፤ ይቀንሳል። ጥቂት ቆይቶ ይጨምራል፤ ትመታለች፤ ይቀንሳል። እናትና ልጅ ሲጫወቱ የኖሩት እንዲያ ነው።

እሁድ ዕለት ሳልነግራት ስልኩን ከአክስትህ ስፒከር ጋር አያይዤ ዕቃ ቤት ውስጥ ጊታሩን ከፈትኩትና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የመረጥኩት ርካሹን ነው፤ ግድግዳ ሲጨመርበት ውዱን ያስንቃል።

አያትህ ማንም ሳይለምናት ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ማማሰያውን አነሳችና ግድግዳውን መታች። «ቀንስ እንጂ፣ አንተ ልጅ!» አለች፤ ድምፅዋ የድሮው ድምፅዋ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳቄን አፍኛለሁ።

ጊታሩ ግን አልቀነሰም። ደግማ መታች። አልቀነሰም። ማማሰያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ቀልድ ጠፋኝ። እኔን ቀልድ ሲጠፋኝ አይተህ ታውቃለህ?

በማግስቱ ግን «እስቲ ያንን የዕቃ ቤቱን ጊታር ክፈተው» አለችኝ።

እና ልጄ፣ ሌላ ዕቃ እንዳትገዛ። በርካሹ አንድ ቅዳልን፤ መሀሉ ላይ ድንገት ቀንሰው፤ የት ላይ እንደምትቀንስም ንገረኝ። ልክ በዚያች ሰዓት ተናዳ ግድግዳውን እንድትመታ ማድረጉን ለእኔ ተወው፤ እሷን ማናደድ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ሙያ ነው።

ሚስትህን «ጀግና ነሽ» በልልኝ። ያቺን ጥርሰ ወላቃ ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስትህ ስፒከሯን ስለወሰድኩባት አኩርፋኛለች፤ አንተን ግን ስማሃለች። አያትህ «ይብላ፣ ይተኛ» ብላለች። እሷ በዚህ ተንኮላችን እንደማትሞኝልን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዴ ይቀንስላት።

የአፍንጫህ ባለቤት፣ አያትህ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን