በሕግ አምላክ የወረዱ እጆች

ቸኮለ፣

አልቀሰቀስኩህም። በዚያ ባበጠ ፊት የተኛ ሰው አይቀሰቀስም።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ጠጣ። ቆሎዬን እንዳትነካ፤ መንጋጋህ ገና ለቆሎ አልደረሰም።
የቦክስ ጓንቱ የወጣት ማኅበሩ ስለሆነ ደሙን ጠርገህ መልስ። የተጋጣሚህ የሙጬ ደም ነው ወይ ካሉህ፣ አዎ በል።

ትናንት «ግራህን አንሳ» እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ደረቀ። አልሰማኸኝም። እማዬ ከተመልካቹ መሀል ተነስታ አንዴ «በሕግ አምላክ» ስትል ግን ሁለቱንም እጅህን አወረድክ። በዚህ አገር ያ ቃል ከተጠራ ዱላ የሰነዘረም ሰው ባለበት ይቆማልና አልፈርድብህም። የቡሬው ሙጬም ቆሟል፤ የጀመረውን ቡጢ ጨርሶ ነው እንጂ።

ደግሞ በነጥብ እየመራህ ነበር። ቡሬዎች «ይሄ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ነው እንጂ ሊደባደብ አይመስልም» ብለው የሳቁብህ አንተ።

የማኅበሩ ካድሬም «በሕግ ማለቷ ይበቃ ነበር፣ አምላክን ምን አመጣው?» ብሎ የገሠጸው እኔን ነው።

እሷን ከአገሯ ከፈረስ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ፊትህ ሲድን ቡሬ ላይ የመልስ ግጥሚያ አለ። ሰው ሁሉ እናትህን ወደ አገሯ መልሳት ይለኛል። እኔ ግን እማዬ ያረፈችበት አክስታችን ቤት የሄድኩት እስከዚያ እንድትቆይ ልለምናት ነው። ሪንጉ ሥር፣ አንተ በምታርፍበት ጥግ ትቀመጣለች። «ግራህን አንሳ» ማለት አስተምራታለሁ።

እኔ ባልዲውን እይዛለሁ።

ወንድምህ አዛናው