ሐጂ ኑሪ ለቀለበት ያመጡት ድንጋይ

ሰኞ፣ ጠዋት
ማታቱ፣ የሥራ ሚኒባሴ ውስጥ ነኝ። ቲካ ሮድ ላይ መኪናው ዛሬም አይንቀሳቀስም። ደብተሬ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው።
ሐጂ ኑሪ ከሐሳቤ አልወጡም። ኢስትሊ ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። ቅዳሜ የማዕድን ላብራቶሪያችን አንድ ድንጋይ ይዘው መጡ፤ አብሯቸው ሐጅ ያደረገ ሞሮኳዊ ወዳጃቸው የሰጣቸው ነው። ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዘይነባ ቀለበት ሊያሠሩበት አስበዋል። ወርቅ ሠሪው ሐሙስ ይቆርጠዋል፤ የከበረ መሆኑን ብቻ አረጋግጪልኝ አሉኝ። ደስታቸው!

ሰኞ፣ ከሰዓት
ዌስትላንድስ፣ መ/ቤት። ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ብርቱካንማ። ስስ፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ለመጠኑ ይከብዳል። ልቤ ዘለለ። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አለቃዬን ዋንጂሩን ጠራኋት። አየች፣ አየች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ማክሰኞ
የኤክስሬይ ምርመራው አረጋገጠ፤ ዉልፈናይት! የእርሳስ ማዕድን ወደ መሬት ገጽ ሲጠጋ አየርና የዝናብ ውሃ ቀስ በቀስ ይበሉታል። ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ያዘለ ውሃ ያገኘዋል። ከዚያ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይህ ውበት ይበቅላል። ከተበላ ድንጋይ!
ግን ለስላሳ ነው። የመዳብ ሳንቲም እንኳ ይጭረዋል። የወርቅ ሠሪ መሣሪያ ቢነካው ይሰባበራል። እርሳስም ስላለበት ለጣት አይሆንም። ሐጂን ምን ልበላቸው?

ረቡዕ
ለሐጂ ደወልኩ። ወርቅ ሠሪው እንዳይነካው ለመንኩ። ከሰዓት ባለቤታቸውን ይዘው መጡ።
ወ/ሮ ዘይነባ ሳቂታ ናቸው፣ የሞያሌ ሰው። ማይክሮስኮፑን አልለቅም አሉ። ድንጋዩ እንዴት እንደተፈጠረ፣ ለምን እንደማይቆረጥ ነገርኳቸው። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምሩ ባለቤታቸው አቋረጧቸው።
«ቀለበትማ ጎረቤቴም አላት። ይህን ማን አለው?»
ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም፣ ዋንጂሩም። ሳሎን በመስታወት ሳጥን ይቀመጣል ተባለ። የነካው እጁን ይታጠባል። ወ/ሮ ዘይነባ ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት
ጊጊሪ ለቀረበልኝ አዲስ ሥራ መልስ የምሰጠው ዛሬ ነው። ትልቅ ድርጅት፣ ሰፊ ቢሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሪፖርት። ሩንዳ ሰፈር የምትኖረው እህቴ እሺ በይ ብላ ወራት ጨቅጭቃኛለች። እኔም እሺ ልል ነበር።
አሁን ደወልኩላት። አልሄድም አልኳት። ለምን ስትለኝ ስለ ብርቱካንማው ድንጋይ ማውራት ጀመርኩ፤ አላስጨረሰችኝም፣ ሳቀች። በቃ፣ ድምፅሽ ነገረኝ አለች።
እዚሁ ነኝ።