ዶክተር ሲትስኬ ቴርፕስትራ እና ያልተቆጠሩት አሥራ ዘጠኝ ላሞች

ዶክተር ሲትስኬ ቴርፕስትራ ከአባታቸው ከአቶ ዱርክ ቴርፕስትራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልትዬ ሃይስማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1947 በኔዘርላንድ ፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር፣ ከዶኩም ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የወላጆቻቸው የላም እርባታ ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ዊብረን ነው። ሟች በሕይወት ሳሉ፣ “‘ስመ ጥር’ የምትል ቃል ብታስገባ ከሬሳ ሳጥኔ ወጥቼ እሄዳለሁ” ስላሉት፣ ከዚህ በታች ያለው ደስ የማይል ነገር ሁሉ በፈቃዳቸው የተጻፈ ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከቤቱ ላሞች ሁሉ የበለጠ ትታለብ የነበረችው ላም አራት ጊዜ ተዳቅላ አራቱንም ጊዜ ሳይዝላት ቀረ። አባታቸው ለቄራ ሰጧት። “ጽንሱ የት ሄደ?” ብለው ቢጠይቁ፣ አባታቸው “የትም አልሄደም፤ አልያዘም፣ በቃ” አሏቸው። ያች “በቃ” አናደደቻቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶኩምና በሌዋርደን አጠናቀው፣ በ1965 ኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የእንስሳት ሕክምና አጠኑ፤ በ1978 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ያጠኑት የላም ማህፀን ጽንስ ለመቀበል እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ጽንሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ የሚመግበው ግድግዳው የሚያመነጨው ፈሳሽ ነው። ማህፀኑ ካልተሰናዳ ጽንሱ ይሟሟል፤ ላሟም እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች።

ለዚህ ሥራ በየማለዳው ቄራ እየሄዱ፣ የታረዱ ላሞችን ማህፀን ገና ትኩስ እንዳለ በባልዲ ይቀበሉ፣ ሰንጥቀውም ውስጡን ይፍቁ ነበር። ጠረኑ ከፀጉራቸው አይወጣም። በ1974 ያገቧቸው የመንደሩ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች አቶ ሲብረን ዊርስማ፣ “ሲትስኬ፣ ልትተኚ ስትመጪ ያችን ላም እንኳ ውጭ አቁሚያት” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሬንስኬና አውኬ የተባሉ ሁለት ልጆችንም አፍርተዋል።

እስከዚህ ድረስ ለመጻፍ ቀላል ነው።

በ1987 ማህፀንን የሚያሰናዳ የሆርሞን ሕክምና አግኝቻለሁ ብለው ጽሑፍ አሳተሙ። ከአሥር ላሞች ሰባቱ ያዙ ይላል። የማይለው ግን፣ ከታከሙት መካከል የአሥራ ዘጠኙ ማህፀን መግል መቋጠሩን ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚሠሩበት ክፍል ኃላፊ “የታመመች ላም ድሮም የታመመች ናት፤ አውጫት” አሏቸው፤ አወጧቸው። በጽሑፉ ላይ “ከጥናቱ የተገለሉ” ተባሉ። በጥናቱ ደብተር ላይ ግን አሥራ ዘጠኙም ሕክምናው ሲጀመር ጤነኞች እንደነበሩ በዶክተር ሲትስኬ በራሳቸው እጅ ተጽፏል። ዊብረን ይህን “የተገለሉ” የሚለውን ንጹሕ ቃል ዛሬም ባነበበው ቁጥር ይጸየፈዋል።

ሕክምናውን በአካባቢያችን መጀመሪያ ያመጣው ግን ላም አርቢው እሱ ራሱ ነው። በከብት ገበያ መካከል ቆሞ “የእህቴ ሥራ ነው!” እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሕክምናው ውስጥ አስገባ፤ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ለዚህም ራሱን ይጸየፋል። በተከታዩ ጸደይ ከአርባ ላሞቹ አሥራ አንዱ ብቻ ወለዱ። ከቀሩት አንዷን አሳርዶ ማህፀኗን ሲከፍት፣ ቢጫ መግል ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ማህፀኑን እንዳለ በወተት ባልዲ ይዞ እህቱ ቤት ገባ። እሑድ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ድንችና ፎሶልያ እየበላ ነው። ባልዲውን ከሳህኖቹ መካከል አስቀመጠው።

“አሽቺው” አላት።

“ዊብረን፣ ልጆቹ እኮ…”

“ልጆቹም ያሽቱ! የእናታቸው የእጅ ሥራ ነው።”

አቶ ሲብረን አፋቸውን ይዘው ወደ ደጅ ሮጡ። ዶክተር ሲትስኬ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ያለ ጓንት እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። የማህፀኑን ግድግዳ በጣታቸው ገለበጡ፣ አዩት።

“አውቀዋለሁ” አሉ። “እንዲህ ያለ አሥራ ዘጠኝ አይቻለሁ።”

ዊብረን የመጣው እህቱ ተሳስታለች ብሎ ነበር። “አይተሽ?” አላት።

“አይቼ። አይቼ አወጣኋቸው።”

ወለሉ ላይ ተፍቶ ወጣ። እናታቸው በ1999 እስኪሞቱ ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ደጅ አልረገጠም።

ዶክተር ሲትስኬ በማግስቱ ጽሑፉ እንዲሰረዝ ደብዳቤ ላኩ፤ ሥራቸውንም አጡ። ከዚያም ሕክምናው የደረሰባቸውን ሠላሳ አንድ እርባታዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ዞሩ። በየበረቱ ቆመው “ዋሽቼአችኋለሁ፤ ላሞቹ እንደሚታመሙ አውቅ ነበር” አሉ። ጭይትስኬ የተባሉ አንዲት ባልቴት አዳምጠው ሲያበቁ፣ “ደፋር ነዎት። አሁን ከበረቴ ይውጡልኝ” አሏቸው። አንዱ ገበሬ ደግሞ በአካፋ እበት ረጨባቸው፤ በዚያው ካፖርት ወደሚቀጥለው እርባታ ሄዱ።

የተቀበላቸው ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ድረስ በቄራ የሥጋ መርማሪ ሆነው አገለገሉ። በትርፍ ጊዜያቸው የሚታረዱትን ማህፀኖች መመርመራቸውን ቀጠሉ። በ2006 ባወጡት ጽሑፍ ጽንስ ያልያዘች ላም ሁሉ ከነምክንያቷ ተጽፋለች። ከወለደች በኋላ ማህፀኗ ሳይጸዳ ሆርሞን መስጠት ላሟን እንደሚያሳምም በግልጽ አሳዩ። ማንም አላጨበጨበም። ያካባቢያችን ሐኪሞች ግን ዛሬ መርፌ ከማንሳታቸው በፊት ማህፀኑን ያያሉ።

በ2015 ባለቤታቸውን በሞት አጡ። በመስከረም 2021 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ዊብረን ሊጠይቃቸው እየሄደ፣ ብዙ ቀን ስለ አየሩ ብቻ አውርቶ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አልቻለም።

“ሲትስኬ፣ ያ ያደረግሽው አሁንም ያስጠላኛል።”

“እኔንም” አሉት። “ይቅር በለኝ ልልህ አይደለም። የአሬራ ገንፎ አምጥተሃል ወይስ ባዶ እጅህን ነው?”

አምጥቶ ነበር። ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ስለነበር እሱ አጎረሳቸው። ግማሹን ትራሱ ላይ አስመለሱት፤ እጅጌውን ሰብስቦ ጠረገ፣ ከዚያም እንደገና አጎረሳቸው።

ዶክተር ሲትስኬ ጥር 14 ቀን 2022 በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። እኛ ይቅር ማለት ያቃተንን ይቅር የሚል አምላክ፣ ነፍሳቸውን ሳይጸየፍ ይቀበላት። አሜን።